ማንጎዬ ላይ የተራመደው ቢጫ ነገር

ክረምቱ እንደገባ ከሱቄ ፊት ባለው ማንጎ ግንድ ላይ ቢጫ፣ አረፋ የመሰለ ነገር ወጣ። በጋምቤላ ሙቀት ጥላ ማለት ግማሽ ንግድ ነው። ወደ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሚሄደው ሰው መኪና የሚጠብቀው እዚያ ስር ነው፤ ሲጠብቅ ውሃ ይገዛል፣ ውሃ ሲገዛ ሳሙና ትዝ ይለዋል።

ከዛፉ ስር ዓሣ የምትሸጠው ሴትዮ ቀረብ ብላ አየችና፣ «ዛፉን አስመልሶታል» አለች። «ያንተን ዘይት ቀምሶ ይሆናል።»

«አንቺ በሱ ዓሣ ስትጠብሺ መቼ አስመለሰሽ?»

አፌ ቀለደ እንጂ ሆዴ አልሳቀም። የዘይት ጀሪካን ስከፍት ልኩን ከውጭ በከሰል አሰምርበታለሁ፤ ሰው ቢቀዳ እንዳውቅ። ቢጫውንም ዙሪያውን በከሰል ከበብኩት። በነጋታው ክቡ ባዶ ነው። ቢጫው ከፍ ብሎ ሌላ ቦታ ተለጥፏል።

ጀሪካን ላይ ልኩ ከተዛነፈ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ይሄንንም ሰው ነክቶታል አልኩ። ሰውየውም አልጠፋኝም፤ ማዶ ያለው ባለሱቅ ነው። የኔ ጥላ ከጠፋ ተሳፋሪው ሁሉ የሱ በረንዳ ስር ይገባል። መርዝ እየቀባብኝ ነው ብዬ ሰላምታ ነፈግኩት። ዛፉ ደርቆ ቆርቆሮዬ ላይ ከመውደቁ በፊት ይቆረጥ ብዬም ባለመጋዝ ለቅዳሜ ቀጠርኩ።

ሐሙስ ዕለት ባትሪ ልትገዛ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ግንዱ ፊት ቆማ ቀረች። የከሰሉን ክብ እያሳየሁ ክሴን አሰማኋት። ሳቀች።

«ጋሼ፣ ማንም አልነካውም። ራሱ ሄዶ ነው።»

«እግር አለው?»

«እየተሳበ ነው የሚሄደው። ተክል አይደለም፣ እንስሳ አይደለም፣ እንጉዳይም አይደለም።»

«ታዲያ ንግድ ፈቃድ የሚያወጣው በየትኛው ዘርፍ ነው?»

እንዲህ ያለው ፍጥረት በአብዛኛው ቅርፊት ላይ ያለውን ባክቴሪያና ብስባሽ ይበላል እንጂ ዛፍ አይነካም አለችኝ። ግን ቀለሙን ብቻ አይታ አትምልም፤ ሲደርቅ ውስጡን ማየት አለባት። ባለመጋዙ እንዳይቀድማት ፈራሁ።

ዓርብ ከሰዓት ተመልሳ ስትመጣ ቢጫው መሄዱን ትቶ ነጣ ያለ ቅርፊት አውጥቷል። በክብሪት እንጨት ሰበር አደረገችው፤ ጥቁር ዱቄት ቦነነ። ስልኳ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አስተያይታ፣ «ሳይንሳዊ ስሙ ፉሊጎ ሴፕቲካ ነው» አለች። «ዛፍህ ጤነኛ ነው። ይሄ ግን ዝናብ ሲመጣ ሊመለስ ይችላል።»

«ይመለስ። ጥላው ለሁላችንም ይበቃል።»

ባለመጋዙን ደውዬ አስቀረሁት። ስልኩን ስዘጋ ትንፋሼ ከየት እንደወጣ እንጃ፣ ዓሣ ሻጯ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ማዶ ያለውን ባለሱቅ ሰላም አልኩት፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ጤናውን ጠየቅኩት።

«ምን ልትለምነኝ ነው?» አለኝ።

«ምንም። ማንጎው ድኗል።»

«ታሞ ነበር እንዴ?»

ከሰዓት ፀሐይ በረንዳውን ሞልታዋለች። ለካ እዚያ በዚህ ሰዓት ሰው አይቀመጥም። ወንበሩን አንስቶ ተከተለኝና ከማንጎዬ ስር ተቀመጠ።