ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ልጄ ጥሩ የጦርነት ፊልም ምን ዓይነት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሽሮ እየነፋሁ ነበር።

"ሰዎቹ የሚበሉበት" አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። በቴሌቪዥን ባየኋቸው የጦርነት ፊልሞች ሲተኮስ ይዋላል እንጂ ዱቄት ያለቀበት ሰው አይታይም። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሲገባ ከተኩሱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቤቱ መዘጋቱ ነው። ተረስቶ የኖረው የድንጋይ ወፍጮ ከየጓዳው ወጣ። ልጄ መፍጨት ስትለማመድ ግማሹ ማሽላ መሬት ላይ ይፈስ ነበር፤ ለቅመን ደግመን እንፈጨዋለን። የተሻማነው ጥሬ እንኳ ጣፍጦን ነበር። አልሀምዱሊላህ፣ ከቤታችን ሁላችንም ተርፈናል።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ መንገድ ሲከፈት ልጄ ወልድያ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ካሜራ ይዛ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ አጭር ፊልም ነበር። ካሜራውን ያዋሳቸው ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ነው። ሰውዬው በማግስቱ ሥራ ስላለበት ካሜራው በዚያው ቀን በመጨረሻው ሚኒባስ መመለስ ነበረበት። ያ ቀን ካመለጣት ሌላ ካሜራ የለም። ፊልሙ ካላለቀ ደግሞ አትመረቅም።

የቀራት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ባሏ ግንባር የሞተባት ሴት ድንኳን ተተክሎላት ጎረቤት ሲያለቅስ የሚያሳይ።

ድንኳን ያለው ቅሬያችን ዘንድ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረን የምንቀባበርበት ማኅበር። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ናቸው። ልጄ ስትጠይቃቸው ደነገጡ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም አባባ። ለፊልም ነው።"

"ላልሞተ ሰው ለቅሶ! ወልድያ የሚያስተምሯችሁ ይኼን ነው?"

ግን ልጅቱን ይወዷታል። ከዐስር ሶላት በፊት እንዲነቀል አስጠንቅቀው ፈቀዱ።

እኔ የሟች እናት ሆኜ እንዳለቅስ ተጠየቅሁ። ሟርት ነው ብዬ እምቢ አልኩ፤ ከሴቶቹ ጋር ዝም ብዬ እቀመጣለሁ አልኩ። ባሏ የሞተባትን ሴት ጎረቤቴ ልትሆን ተስማማች።

"የሞተው ባሌ ነው? እንግዲያው ለማልቀስ ጊዜ ስጡኝ" አለች።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። "ሞቼም ከምላስሽ አላረፍኩ" አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ያልቅስ። ካሜራው በተከፈተ ቁጥር አንዷ ሳቋን ታፍናለች፣ ሌላዋ እሷን አይታ በሳቅ ትፈነዳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። ልጄ "ኧረ በአላህ፣ ባትሪው እያለቀ ነው!" እያለች ትለምናለች።

አንድ ነገር ረስተን ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ግቢያችን ደግሞ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በእኛ አገር ድንኳን ያየ ሰው ማን እንደሞተ በር ላይ ቆሞ አይጠይቅም። ገብቶ ያለቅሳል፤ የሟቹን ስም ከተቀመጠ በኋላ አጠገቡ ካለው ሰው ቀስ ብሎ ይሰማል።

መጀመሪያ የገቡት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለቤታቸው የገዙትን ስኳር እጄ ላይ አስቀምጠው። ከኋላቸው ከገበያ የሚመለሱ ስድስት ሰባት ሴቶች ተከተሉ። አሮጊቷ ጎረቤቴ ፊት ተቀመጡና "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ብቻሽን ቀረሽ!" ብለው አለቀሱ። ጎረቤቴ ደርቃ ቀረች። ቀጥሎ የእሷም እንባ ወረደ። እየሳቁ ያስቸገሩን ሁሉ ማልቀስ ጀመሩ።

ልጄ ካሜራው አጠገብ ሆና እንዳንነቃነቅ በእጇ ትለምነናለች። የፈለገችው ይኸው ነበር፤ ከዚህ የተሻለ እንደማታገኝ እኔም አውቄያለሁ። ግን የአሮጊቷ እንባ ጉልበታቸው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። አላህን ፈራሁ። ተነሣሁ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉን። ማንም አልሞተም።"

"እማዬ!" አለች ልጄ። ካሜራውን ትታ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

አሮጊቷ ቀና አሉ። "ማንም?"

"ማንም። ልጆቹ ፊልም እየሠሩ ነው።"

"የዚችስ ባል?"

ጎረቤቴ በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች። ባሏ አፍሮ እጅ ነሣ። "ደህና ዋሉ፣ እማማ።"

ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። "ተመስገን" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በሉ እንግዲያው እንባዬን መልሱልኝ!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

"እማማ፣ ሳናስፈቅድዎ ቀርጸናል። ላጥፋው?"

አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እኔ እኮ ለዚህ ሰውዬ አላለቀስኩም" አሉ። "ውርጌሳ ያለች እህቴ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሞታ ሳልደርስ ቀረሁ። የሰማሁት አርባዋ ካለፈ ነው። ድንኳን ባየሁ ቁጥር የማለቅሰው እሷን ነው። ለእሷ ይሁን፤ አታጥፊው። ግን ለዚች ለፊልሟ ሴት መርዶውን ማን ነገራት?"

"በስልክ ሰማች" አለች ልጄ።

"በየትኛው ስልክ? ያኔ ስልክ ነበረን? መርዶማ በእግሩ ነው የመጣ።"

በዚህ መሐል የቅሬው ዳኛ ድንኳናቸውን ሊያስነቅሉ ደረሱ። "ከዐስር በፊት አላልኩም?" ብለው ሳይጨርሱ አሮጊቷ ክንዳቸውን ያዙ።

"አንቱ፣ እዚች በር ላይ ይቁሙ። ምንም አይናገሩ። መርዶ ሊያረዱ መጥተው አፍዎ አልከፈት ብሎዎታል።"

ሽማግሌው ቆሙ። ጎረቤቴ አየቻቸው። እሷም አልተናገረች፤ ዱቄት እንደምትነፋ ሆና የያዘችውን የእኔን ወንፊት ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። አንዴ ብቻ ተቀረጸ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሽማግሌው ለሶላታቸው ደረሱ፣ ልጆቹም ሚኒባሱን ሮጠው ያዙ።

ልጄ ተመርቃለች፤ አላህ ይመስገን። ፊልሙ ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ እኔና ጎረቤቴ ከባሏ ጋር ሄደን አየን። ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ አንድም ጥይት አይተኮስበትም። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሙ፣ ጎረቤቴ ወንፊቱን አስቀመጠች። ለቅሶው መጣ። እዚያ ያበቃል ብዬ ስጠብቅ ራሴን ከሴቶቹ መሐል ስነሣ አየሁ። ያኔ ስነሣ ካሜራው ገና እየቀረጸ ኖሯል።

"ማንም አልሞተም" ስል ተሰማ።

ፊልሙ በዚያ አለቀ። በጨለማው ውስጥ አንዱ "አልሀምዱሊላህ" አለ፤ ከኋላችን ደግሞ አንዲት ሴት "ተመስገን" አለች። ልጄ እጄን ፈልጋ ያዘችው።