«እኔን» ያለው ፀጉር አስተካካይ

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ጋሽ ሬዲዮ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ተቆርጦ እስኪነሳ ድረስ የእግር ኳሱን ውጤት፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ ያልተደረገ ነገር ሁሉ ጆሮው ውስጥ ሲያንቆረቁርለት ይቆያል። ጠፍቶ የማያውቅ ሬዲዮ ነበር። «ነበር» ያልኩት ከመኪናው አደጋ ወዲህ ስለተዘጋ ነው። ደንበኞቹ መጀመሪያ «ምነው፣ ባትሪ ጨረስክ እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት፤ ኋላ ነገሩ ሲገባቸው እነሱም ዝም ብለው መስተዋቱን እያዩ መቆረጥ ለመዱ። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ሆነ።

አደጋው የደረሰው አንድ ተራ ጠዋት ነው። ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ፊደል ታስቆጥራለች። ያን ዕለት «በታክሲ እሄዳለሁ፣ አንተ ሱቅህን ክፈት» ብላው ነበር። እሱ ግን አሮጌ መኪናውን ገና ከጋራዥ ማውጣቱ ነው፤ ሞተሯ እንዴት እንደተስተካከለ ለሰው ካላሳየ እንቅልፍ አይወስደውም። «እኔ አደርስሻለሁ አልኩ እኮ!» ብሎ አስገባት። የትራፊክ መብራቱ የተበላሸበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ደረሱ። ግራ ቀኙን አይቶ ገባ፤ መሀል ላይ ሲደርስ ባዶውን የሚበር የጭነት መኪና መጣና በሚስቱ በኩል ገጫቸው።

እሱን አንድ ነገር አልነካውም። ይሄ ነው አንጀቱን የሚያቃጥለው። በሩን በርግዶ ወጣ፤ ዞሮ ሲያያት ዳሌዋ በተጨማደደው ብረት ተይዞ ታቃስታለች። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ «እኔን! እኔን! እኔን!» እያለ ጮኸ። ሌላ ምን ይበል? ልጅ ሲወድቅ፣ ጎረቤት ጣቱን በር ሲይዘው፣ የማያውቁት መንገደኛ እንኳ ሲደናቀፍ ሳይታሰብ ከአፍ የሚወጣ ቃል ነው። ባንቺ ፈንታ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው፤ ይህን ለአዋቂ ሰው ማስረዳት ራሱ ያሳፍራል። የጭነት መኪናው ሾፌር ግን ብልጥ ነበር። ወርዶ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ለአለቃው ደወለ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰባቸውም። የተሰበረው የዳሌ መገጣጠሚያ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሊገባላት ይገባል። ቶሎ ከተደረገ ትሄዳለች፤ ከዘገየ አጥንቱ እንደተጣመመ ይያያዝና በሁለት እግሯ መቆሟን ትረሳዋለች። ሆስፒታሉ ደግሞ ገንዘቡ ሳይከፈል ቢላዋ አያነሳም። የጋሽ ሬዲዮ ኢንሹራንስ እሱ ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራሱ ቤት የሚተርፍ አልነበረም። ተስፋው ሁሉ የጭነት መኪናው ኢንሹራንስ ላይ ወደቀ፤ የሚስቱ እግር እዚያ ቢሮ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ይቻላል።

ቢሮው ሊፍቱ የማይሠራ ፎቅ ላይ ነው። እግር ለተሰበረበት ሰው ካሳ የሚከፍል ድርጅት ደንበኞቹን በደረጃ ማስወጣቱ ምን የሚሉት ቀልድ እንደሆነ እንጃ። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ትሁት፣ ገና ወጣት ሰው ነበር። ጋሽ ሬዲዮ መጀመሪያ ያየው ከጆሮው ኋላ በመጥፎ የተቆረጠውን ፀጉር ነው፤ ሙያ ሆኖበት በልቡ «ማነው እንዲህ የፈጀው?» አለ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ሠራተኛው ፋይሉን ገልጦ። «መብራቱ ስለማይሠራ ማን ቀድሞ እንደገባ ትራፊክ ፖሊሱ አልወሰነም። ግን ምስክር አለ፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው የነዳጅ ማደያ ጥበቃ። ከአደጋው በኋላ እርስዎ ተንበርክከው ‹እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ› እያሉ ሲጮኹ ሰምቷል። መርማሪያችን ቃሉን ጽፎ አስፈርሞታል።»

«እኔን ነው ያልኩት!»

«እዚህ የተጻፈው እኔ ነኝ ነው።»

«ሚስቴ ዓይኔ ሥር እንደዚያ ሆና ምን ልበል? እርስዎ ሚስት የለዎትም?»

«አለችኝ፣ ጋሼ። እኔ ግን የማነበው የተጻፈውን ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የጋሽ ሬዲዮ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ከተጠየቀው ሲሶውን ብቻ ሊከፍል እንደሚችል ነገረው። ያም ቢሆን በደግነት ነው አለ።

ጋሽ ሬዲዮ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማደያው ሄደ። ጥበቃው ሥራውን ለቋል። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም፤ ነዳጅ ቀጂዋ «ሰውየው ደግ ነበር፣ ዓይኑ ግን ደከም ይል ነበር» ብላ ከንፈሯን መጠጠችለት። ያላነበበውን እንደፈረመ ጋሽ ሬዲዮ ያኔውኑ ገባው። መግባቱ ምን ሊረባው?

ለሚስቱ አልነገራትም። አልጋዋን ወደ ሳሎን አውጥተውላታል፤ መስኮቱ አጠገብ ትተኛለች፤ በላይዋ ተማሪዎቿ የላኩላት ሥዕል ተለጥፏል። ሥዕሉ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሦስት እግር ኖሯት ቆማለች፤ ሦስተኛው ምርኩዙ መሆኑ ነው። እሷ ሥዕሉን እያየች ትስቃለች፤ ሳቋ ዳሌዋን ሲያሳምማት ታቃስታለች። ስታቃስት ያ ቃል ከጋሽ ሬዲዮ ሆድ ተነስቶ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ ያንን ፋይል ያስታውሰዋል፤ ይውጠዋል።

አንድ ቀን አላስችል አላትና ተናገረች። «ድሮ እንቅፋት ሲመታኝ እንኳ እኔን ትለኝ ነበር። አሁን ሰለቸሁህ እንዴ?»

«ውሃ ላምጣልሽ?» አላት።

«ውሃ አልጠየቅኩህም።»

ወጥ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ቆመ። መርማሪው ቃሉን አበላሽቶ ጽፎታል፤ እሺ። ግን «እኔ አደርስሻለሁ» ያለው ማን ነው? በታክሲ ልሂድ ስትል እጇን ይዞ ያስገባት ማን ነው? ሌሊቱን ሲገላበጥ «እኔ ነኝ» ይላል ለራሱ። ውሸታሙ ወረቀት ከሰው የደበቀውን ያገኘበት መሰለውና ከዚያ ቢሮ ጋር ለመሟገት ጉልበቱ ከዳው። ባል ሆኖ ማጽናናት፣ ተበዳይ ሆኖ መጮህ፣ ሁለቱንም በአንድ ቃል ነጠቁት።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ድረስ የመጣው። ሐሳብ ይዤ መጣሁ አለ። ሁለት ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ሬዲዮ ፎጣውን አራግፎ ወንበሩን አሳየው።

«መጀመሪያ ቁጭ በል። ያንን ከጆሮህ ኋላ ያለውን ነገር ሳላስተካክል አንድ ቃል አልሰማህም። ማን ነው የጠላህ?» አለው። ቢሮው ውስጥ «እርስዎ» ይበለው እንጂ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንተ ነው። ደንበኞቹ ተያዩ፤ ሬዲዮው ሲናገር ከሰሙ ሰንብተዋል።

ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ማውራት ጀመረ። አለቆቹን ለምኖ ከሲሶው ጥቂት ከፍ እንዳስደረገ፣ ከዚህ በላይ ግን እንደሚከብድ እየተናገረ ሳለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ብድግ ሲል ምላጩ ማጅራቱን ጫር አደረገው። ደሙ ነጩ ፎጣ ላይ ጠብ አለ።

«እኔን!» አለ ጋሽ ሬዲዮ።

«ኧረ ምንም አይደል፣ ጋሼ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የተነቃነቅኩት!»

ጋሽ ሬዲዮ ምላጩን እንደያዘ መስተዋቱ ውስጥ አየው። ሠራተኛውም አየው፤ ከአፉ የወጣውን የሰማው ያኔ ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ምላጩ በማን እጅ ነው?»

«በእርስዎ።»

«የቆረጠህስ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ምን አልክ አሁን?»

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ «ይጻፍ እንጂ! እኛ እንፈርማለን!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ሬዲዮ አልሳቀም። ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክሮ ማጅራቱ ላይ ያዘለት።

ሠራተኛው ደንበኞቹ እንዳይሰሙ አድርጎ፣ «ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለ። «ያኔም ገብቶኝ ነበር። እናቴም ለሰው ሁሉ እኔን ባይ ናት።»

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር። ጋሽ ሬዲዮ አለማወቁን ይቅር ብሎት ነበር፤ አውቆ ማድረጉን ግን ምን ያድርገው? የሰውየው አንገት እጁ ላይ ነው፤ ምላጭም ይዟል። ምላጩን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ከገባህ ሰርዘዋ!»

«እኔ መሰረዝ አልችልም። ፍርድ ቤት ቢሄዱ ይሰረዝልዎታል፤ ሙሉ ካሳውም ይፈረድልዎታል። ግን ጠበቆቻችን ሥራቸው ማዘግየት ነው፤ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሐኪሙ ምን ያህል ጊዜ ሰጣችሁ?»

ጋሽ ሬዲዮ ፎጣውን ከአንገቱ ፈቶ አራገፈው።

«አለቆቼ ቢቆጡም በራሴ ኃላፊነት እስከ ግማሽ ማድረስ እችላለሁ። ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ነው ብለው ከፈረሙ።»

ግማሹ ለቀዶ ጥገናው ይበቃል፤ ለሌላው አይበቃም። ሚስቱ ሳታስተምር የምትከርምበት ጊዜ፣ አሮጌ መኪናው፣ ያ ሁሉ ስቃይ በባዶ ይቀራል። ጋሽ ሬዲዮ ተከራከረ። የደሞዟን ጠየቀ፤ አልሆነም። «ጥፋት የሚለው ቃል ይውጣና ያነሰ ስጡኝ» ሲል ለመነ፤ ሠራተኛው «ቃሉ ከተሰረዘ ክፍያውም ይሰረዛል» አለው። በመጨረሻ ያገኘው አንድ ነገር ነው። ገንዘቡ በቼክ ሲጓተት ሳይከርም በዚያው ሳምንት በቀጥታ ለሆስፒታሉ እንዲገባ ሰውየው በእናቱ ማለ።

ሠራተኛው ሲነሳ ለመክፈል ቦርሳውን አወጣ። ጋሽ ሬዲዮ ከሰጠው ላይ ግማሹን መለሰለት።

«ግማሹ ጥፋት የእኔ አይደል?» አለው።

በማግስቱ ደረጃውን ወጥቶ ፈረመ። ስሙን ጥርት አድርጎ ጻፈ፤ ሰውየው ወንበር ቢስብለትም ቆሞ ነው የፈረመው።

ገንዘቡ ገባ። ሆስፒታሉ ቀን ቆርጦ ሲደውል ጋሽ ሬዲዮ ሱቁን ዘግቶ ቤት ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት፤ ጥበቃውን፣ ወረቀቱን፣ ለምን ዝም እንዳለም ጭምር።

«እስቲ ድገመው» አለች ሲጨርስ። «አንተ እኔን አልክ፤ እነሱ እኔ ነኝ ብለው ጻፉ?»

«አዎ።»

«ን ባርኔጣ ሲያደርግ ኝ ይሆናል ብዬ ነው የማስተምራቸው። የአራት ዓመት ልጅ የሚለየውን?» ልትስቅ ብላ ተወችው። «አንተስ ምን ብለህ ፈረምክ?»

«እኔ ነኝ ብዬ። ግማሹን።» እጁን እያየ ቀጠለ። «ደግሞም እኔ ነኝ። በታክሲ ልሂድ ስትዪኝ ብሰማሽ ኖሮ . . .»

ሚስቱ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ሳትጠራው፣ ምርኩዟንም ሳትይዝ፣ ወደሱ ልትነሳ ደህነኛውን እግሯን መሬት አስረገጠች። ሌላኛው ከዳት። ጩኸቷን ሳትጨርሰው ጋሽ ሬዲዮ በሁለት እጁ ያዛት።

«እኔን!» አለ። «እኔን፣ እኔን፣ እኔን . . .»

የሸሚዙን ኮሌታ ጨብጣ፣ ሕመሙ እስኪያልፍላት ደረቱ ላይ ስታለከልክ ቆየች።

«እሱን በል» አለችው ትንፋሿ ሲመለስ። «ያኛውን ለእነሱ ፈርመህላቸዋል፤ እዚህ ቤት እንዳትደግመው።»