ፖሊስንም የምትጠይቀው ዶክተር

ዶክተር ሲባል መርፌ የሚወጋ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ዕፀገነት የሶሲዮሎጂ ዶክተር ናት። ሰው ለምን አደባባይ ይወጣል፣ ፖሊስስ ለምን ዱላ ያነሳል፣ እሱን ነው የምታጠናው። እኔ ረታ ሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስ ነበርኩ። አሁን ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ እሷ ቢሮ የተከራየችበት ሕንፃ ጥበቃ ነኝ።

አንድ ጠዋት፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ያቆሙበትን ቀን እያጠናሁ ነው አለችኝ። እኔ እዚያ ነበርኩ! ደሜ ፈላ።

"ልትከሺኝ ነው?"

"ኧረ አይደለም ጋሽ ረታ። ያን ቀን ስንት ሰዓት ያህል ቆመው ዋሉ? ምሳስ በልተው ነበር?"

እንዴ! ይህንን አለቃ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ መቆሜን ነገርኳት። ከዚያ ያልጠየቀችኝንም ዘረገፍኩት፤ ከሠራተኞቹ የአንዷን ልጅ ክንድ በዱላዬ ሰብሬያለሁ። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

"ታውቂያት እንደሆነ አገናኚኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት" አልኳት።

"ስሟን ለማንም አልሰጥም፤ የእርስዎንም እንደዚያው። መልእክትዎን አደርሳለሁ፤ መምጣት አለመምጣቷ የራሷ ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ እጄን አላስገባም።"

ተናድጄ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት። እሷ ግን በየጠዋቱ "ጋሽ ረታ፣ እንደምን አደሩ" ማለቷን አልተወችም። ወይ ትዕግሥት!

በአራተኛው ወር "ትመጣለች" አለችኝ።

ደንቡን ታውቃላችሁ፤ የበደለ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይንበረከካል፣ የተበደለው ካወረደለት ታረቁ ማለት ነው። እኔ ጅሉ፣ ትንሽ ብይዝ የናቅኳት እንዳይመስላት ብዬ፣ ጎረቤት ከሚሠራው ፎቅ ትልቁን ድንጋይ መርጬ አመጣሁ።

ልጅቷ መጣች፤ ዕፀገነትም ደብተሯን ይዛ ዳር ቆመች። ንግሥቲ እባላለሁ አለችኝ፣ በራሷ አንደበት። ድንጋዩን ተሸክሜ፣ ተንበርክኬ መሬት መሬቱን አያለሁ። ተጠግታ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብላ በአንድ እጇ ድንጋዩን ሳበችው። አልነቃነቅ አለ። ሌላው፣ የሰበርኩት ክንዷ፣ አይታዘዛትም። ራሴ እንዳወርደው ደንቡ አይፈቅድልኝም። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ዶክተር፣ አግዢኝ" አለች ንግሥቲ።

ዕፀገነት ደብተሯን መሬት ላይ አስቀመጠች። በተሰበረው ክንድ በኩል ቆመችና አብረው አወረዱልኝ።