እንዳይወለወል የተባለው ክፍል

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ ሲስተር ፍሬ አንድ ወረቀት ሰጠችኝና «ክፍል አራት በር ላይ ለጥፊው» አለችኝ። «ይህ ክፍል እስኪነገር ድረስ እንዳይጸዳ» ይላል። ለጠፍኩት። እኔ እንግዲህ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ... እዚሁ ደብረ ታቦር፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አዲስ ማሽን መጥቷል። ጎማ ያለው ረዥም መብራት ነው። ሰው ከክፍሉ ይወጣና በሩ ተዘግቶ ይበራል፤ ብርሃኑ ጀርም ይገድላል ይባላል። እውነት ይገድል እንደሆነ የሚፈትነው ናሆም የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ገና ልጅ ነው፣ ከደቡብ የመጣ፣ ብርዳችንን ስላልለመደ ጃኬቱን አያወልቅም።

አፈታተኑን አሳይቶኛል። ክዳን ያላቸው ትንንሽ ሳህኖች አሉት፤ ውስጣቸው የረጋ አጥሚት የመሰለ ነገር አለ። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት አልጋውን፣ ኮመዲኖውን፣ የበሩን እጀታ ይነካና ሳህኑ ላይ ያሻዋል። ጀርም ካለ በሁለተኛው ቀን እንደ ሻጋታ ይበቅላል። አንዴ መብራቱ ሳይበራ ይነካል፣ አንዴ በርቶ ሲያበቃ።

«እትዬ ባንቺ፣ መሃል ላይ ማንም እንዳይነካብኝ» አለኝ። «መብራቱ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ነው የምናየው።»

«ገብቶኛል የኔ ጌታ» አልኩት። ገብቶኝም ነበር።

ክፍል አራት የነበሩት ከእብናት የመጡ እናት ናቸው። የእግራቸው ቁስል አመርቅዞ የዚያን ዕለት ማለዳ አረፉ። አላለቀስኩም። ድሮ ሥራውን ስጀምር ለማላውቀው ሰው ሁሉ አለቅስ ነበር። አሁን አንሶላውን እገፍፋለሁ፣ ለልብስ አጣቢዎቹ አስረክባለሁ፣ አለቀ። እንባው መቼ እንደተወኝ እንጃ...

ናሆም የመጀመሪያዎቹን ሳህኖች ጨርሶ ማሽኑን እየገፋ ሲያስገባ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ደግሞ ለቀዶ ጥገናው ክፍል ብቻ ነው። «እስኪመጣ ምሳዬን ልብላ» ብሎ ወጣ።

ኮሪደሩን ስወለውል የሟቿ ልጅ መጣች። አስከሬኑ መኪና ላይ ተጭኗል፣ ወንዶቹ ደጅ ይጠብቃሉ፤ እሷ የእናቷን የጸሎት መጽሐፍ ረስታ ነው። ከፈትኩላት። መጽሐፉን ከኮመዲኖው አወጣች፣ ተሳለመችው። ጎንበስ እንዳለች የአልጋውን ብረት አየች። ከቁስሉ የወጣው መግል በብረቱ ላይ ወርዶ ደርቋል።

 የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ትፈትገው ጀመር።

«ተይው የኔ ልጅ፣ በእጅሽ አትንኪው» አልኳት።

«እናቴ ንጹሕ ሰው ነበረች እትዬ» አለችኝ፣ እየፈተገች። «ሰው እንዲህ ሆኖ እንዳያየው።»

ደጅ ክላክስ አደረጉላት። ቀና አላለችም።

«ሂጂ፣ እኔ አደርገዋለሁ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ሄደች። ባልዲዬን አመጣሁ። መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ በበረኪና። ብረቷን ብቻ ብዬ ነበር... እጅ ከለመደ ግን የት ይቆማል? ኮመዲኖው፣ የበሩ እጀታ፣ የአልጋው ሥር። አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ምንም አልተሰማኝም ነበር። ስወጣ ነው በገዛ እጄ የለጠፍኩትን ወረቀት ያየሁት።

ለማንም ሳልናገር ወደ ኮሪደሬ ተመለስኩ። መብራት መጣ፣ ማሽኑ በራ፣ ናሆም ሁለተኛዎቹን ሳህኖች ነካካ። በረኪናው አልሸተተውም፤ ቤቱ ሁሉ በረኪና በረኪና እያለ ማን ይለያል።

ሐሙስ ሰበሰቡን። የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች የሻገተ እንጀራ መስለዋል። የኋለኞቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ተጨበጨበ።

«እንግዲህ ውልወላ እየጠበቅን አልጋ ማቆየት ቀረ» አለች ሲስተር ፍሬ፣ ፊቷ በርቶ። «የክፍል ስድስቱ ሰውዬ አሁን ይወጣል። ክፍሉ ላይ መብራቱ ይብራበትና ያች ከገሳይ ከተማ መጥታ በቀዶ ጥገና የወለደች ልጅ ከነሕፃኗ ትግባበት።»

የክፍል ስድስቱን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የሱም ቁስል ያመረቀዘ ነው። እኔ ደግሞ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ፤ በአንድ ቃል ልባረር እችላለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እጄን አወጣሁ።

«ክፍል አራትን ወልውዬዋለሁ» አልኩ። «መብራት ጠፍቶ ሳለ።»

«ወረቀቱን አላየሽም ባንቺ?» አለች ሲስተር ፍሬ።

«የለጠፍኩት እኔ አይደለሁ።»

ናሆም ስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የቱን የቱን ወለወሉት?»

«አንተ በእንጨት የነካካኸውን በሙሉ። መብራቱን አይደለም የፈተንከው ልጄ... እኔን ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ናሆም አልሳቀም። «ክፍል ስድስትን ማንም ሳይነካው እንደገና ልፈትን» አለ። ከገሳይ የመጣችው ልጅ እስከዚያ ባለችበት ቆየች።

ቅዳሜ ሳህኖቹን አሳየኝ። ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበት ደህና ነው። ቆሻሻ የደረቀበትና ጥላ ያረፈበት ግን በቅሏል፣ አረንጓዴም ቢጫም። አሁን መጀመሪያ እኛ እንወለውላለን፣ መብራቱ ከኛ በኋላ ይበራል። ክፍል ስድስትም እንዲያ ተደርጎ ነው ልጅቷ የገባችው። ሕፃኑ ደህና ነው፣ ይጮኻል።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፈረምኩ።

«አልከፋዎትም?» አለኝ ናሆም።

«አልከፋኝም። ደስም አላለኝ» አልኩት፤ እውነቴን ነው። «ይልቅ ክፍል አራትን ምን ብለህ ጻፍከው?»

ሪፖርቱን ገልጦ አነበበልኝ። «በመጽዳቱ ምክንያት ከፈተናው የተሰረዘ» ይላል።

ይህን ሁሉ ዘመን ስወለውል፣ በመጽዳቱ የተበላሸ ክፍል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።