ከመጽሐፉ ማዶ

እንግሊዝኛ የለመድኩት ከወንድሜ ነው፤ እሱ ግን አላስተማረኝም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ምስጋናውን እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው። ወንድሜ ለሰው ያስተማረው ነገር ካለ ቁጣ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከአባታችን ነው የወሰደው።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። የምንኖረው ነቀምቴ፣ አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ለቀምት እያለ በሚጠራት ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነበር። አባቴ ከጎጃም የመጣ መሪጌታ ነው፤ ልጅ እያለ ወጥቶ፣ ዜማ ተምሮ፣ ወለጋ ተቀጥሮ የቀረ። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ የሚሲዮን ሰዎች ነበሩ። እኛ ከእነሱ ጋር አንጾምም፣ አንፈስክም፤ እነሱ ግን ሴት ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው በኦሮምኛ እየተሳሳቁ በአጥራችን ጥግ ሲያልፉ በቀዳዳ አያቸው ነበር። እጠላቸው ነበር። ቅናት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሳውቅም እጠላቸው ነበር።

አባቴ ሴት ልጅ ፊደል ከለየች ለወንድ ደብዳቤ ትጽፋለች የሚል እምነት ነበረው። ይህን ሲናገር ሳቅ የለበትም። እንግዳ ባለበት፣ እኔ ውሃ እያስታጠብኩ ቆሜ፣ እዚያ እንደሌለሁ ቆጥሮ ይናገረዋል።

ወንድሜን ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገብቶታል። ወንድሜ ደግሞ ዝም ብሎ ማንበብ የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሰሚ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ በርጩማውን ስቦ ይቀመጥና የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋዋል። እኔ ከፊት ለፊቱ አጎዛ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። በስንደዶ ቃሉን እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ከዚያ አስተማሪው እንደነገረው በአማርኛ ይተረጉመዋል፤ ከዚያ ደግሞ ግሡ ትናንት ሲሆን እንዲህ፣ ነገ ሲሆን እንዲህ እያለ ይለፈልፋል። ለሥራ ብድግ ካልኩ ይጮህብኛል። እጄን ወደ መጽሐፉ ከዘረጋሁ በያዘው ነገር ጣቴን ይመታኛል፤ መጽሐፉ የመንግሥት ነው፣ ታቆሽሺዋለሽ ይላል። እኔም ዓይኔን ከስንደዶው ጋር ማስኬድ ለመድኩ። ቆየት ሲል እሱ የሚደናቀፍበትን ቃል እኔ ቀድሜ አውቀው ጀመር። ምላሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። ያን ያህል ዝም ብዬ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

መጻፍም ጀመርኩ። አመዱን በወንፊት ነፍቼ መሬት ላይ እበትነውና በእንጨት እጽፍበታለሁ። አንድ ቀን ወንድሜ ከበርጩማው ቀና ሲል አየው። አነበበው። ማን አስተማረሽ አለኝ። ማንም አልኩት። የጻፍኩት ትክክል ስለነበር የሚነቅፈው ነገር አጣ፤ ስላጣም በእግሩ ደመሰሰው።

በዚያው ዓመት ከዲጋ ሽማግሌ መጣብኝ። ሊያገባኝ የጠየቀው ሰውዬ ሚስቱ የሞተችበት የቡና ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም አይርቅም። አመድ ላይ ስጽፍ ስታየኝ የቆየችው እናቴ ፈጽሞ የማታደርገውን አደረገች፤ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በበሩ ጥግ ቆማ፣ ልጄ እንግሊዝኛ ታነባለች፣ ትምህርት ቤት ትግባልኝ አለች። አባቴ ደነገጠ። በሰው ፊት መቆጣቱ ስለከበደው እንዲህ ሲል ፈረደ፦ ትምህርት ቤቱ ይፈትናት፤ አራተኛ ክፍል ከተቀበሏት ትማር፣ ካልተቀበሏት ከፋሲካ በኋላ ዲጋ ትሄዳለች፤ ጡቷ አጎጥጉጦ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል የምትጎለት ልጅ ግን የለኝም። ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ወደዱት። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ አራተኛ ክፍል ልትገባ ነው ብለው እየሳቁ ወጡ።

የፈተናው ቀን አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጭራውን ይዞ ከፊቴ ሄደ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ላይ ተቀበለን። ለአባቴ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ወደ እኔ ዞሮ «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አለኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለቱ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ቀን በደህና ቃል ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው።

የሚፈትነኝ የእንግሊዝኛው አስተማሪ ነበር። ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነው፤ ክራቫቱን አንገቱ ድረስ አጥብቆ፣ ነቀምቴ መላኩን እንደ ቅጣት የቆጠረው፣ ፊቱም ይህንኑ የሚናገር። ሰላምታችንን በአንገቱ ተቀበለ። እኔን ከጠረጴዛው ወዲህ አስቀመጠኝ፤ እሱ ከወዲያ ማዶ ተቀመጠ። አባቴ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አረፍ አለ።

መጀመሪያ በቃል ጠየቀኝ። ድርጊቱ ትናንት ቢሆን እንዴት ትያለሽ፣ ሰዎቹ ብዙ ቢሆኑስ፣ ጥያቄ ቢሆንስ አለኝ። መለስኩ። ሌላ ጨመረ፤ መለስኩ። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። በጎን ሳይ የአባቴ ጭራ ቆሟል። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ይበለው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ መጽሐፍ ከፈተ። በሥርዓቱ ወደ እኔ አዙሮ ከፊቴ አስቀመጠልኝና አንብቢ አለኝ።

አየሁት። የማውቀው አንድ ቃል የለበትም። አንዳንዱ ቅርጹ ከማውቀው ፊደል ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፤ ልይዘው ስል ያመልጠኛል። የሌላ አገር ቋንቋ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ምን እንደነበር ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ግን ግልጽ ነው። እኔ ንባብ የለመድኩት ከወንድሜ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። መጽሐፉ ወደ እሱ የቀና፣ ወደ እኔ የተገለበጠ ነበር። ለእኔ የእንግሊዝኛ ፊደል መልኩ ያው የተገለበጠው ነው፤ ሌላ መልክ እንዳለው አላውቅም። አስተማሪው መጽሐፉን ሲያቃናልኝ ለዓይኔ ገለበጠብኝ። አዙሬ ማየት እንዴት አቃተሽ የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔ እስከዚያ ቀን መጽሐፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ልነካ በሞከርኩ ቁጥር ጣቴ ተመትቷል። የመንግሥት መጽሐፍ በአስተማሪ ፊት ማዞር ቀርቶ ጫፉን መንካትም አላሰብኩም።

አስተማሪው ሳቀ። ይኼን እንኳ አታነብም አለና መጽሐፉን ወደ ራሱ ስቦ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ ለአባቴ ሊያሳየው ይመስል መታ መታ አደረገው። መጽሐፉ ወደ እሱ ሲዞር ፊደሎቹ ሁሉ ወደየቦታቸው ተመለሱልኝ። ጣቱ ካረፈበት ቃል ጀምሬ አነበብኩ። ገጹን ጨረስኩ፤ ገጽ የሚገልጠው እሱ ነውና ጠበቅኩ።

ሳቁ ጠፋ። በቃሏ ሸምድዳው ነው አለ። ከመሳቢያው ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ ወፍራም ነው፣ የራሱ ነው፣ ለተማሪ የሚሰጥ አይደለም። መሃሉን በርግዶ ከፈተና ከፊቱ ዘረጋው። እኔም ከማዶ አነበብኩለት። የማላውቃቸው ቃላት ብዙ ነበሩ፤ እየተንተባተብኩም ቢሆን አላቆምኩም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይገረም ነበር። እሱ ግን ተናደደ። ቅድም ያላነበብኩት ሆን ብዬ መስሎታል። «ልታሾፊብኝ ነው የመጣሽው?» አለኝ። ምኑ እንደተሳሳተ ራሴም ያላወቅኩትን ምን ብዬ ልንገረው?

ወረቀትና ብዕር ገፋልኝና ስለ ትናንቱ ዝናብ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ነግሮኝ ጻፊ አለኝ። ብዕር ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀለሙ ጣቴን አበላሸው። ጀመርኩ፤ ወንድሜ መጽሐፍ ላይ እንዳየሁት፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ሁሉ እኔ በማውቀው መልክ። አስተማሪው ማዶ ሆኖ ሲመለከት ዓረፍተ ነገሩ ወደ እሱ ቀንቶ፣ ተስተካክሎ፣ ሊያነበው ተዘጋጅቶ ይመጣል። አንገቱን አስግጎ አየ። ስህተት ፈለገ፤ አላገኘም። ከዚያ ተነሳና ጠረጴዛውን ዞሮ ከጎኔ ቆመ። ከእኔ በኩል ሲያየው ሁሉም ተገልብጧል።

ብዕሩን ከእጄ ነጠቀኝ። ወደ አባቴ ዞሮ «መሪጌታ፣ ይህችን ልጅ ምንድን ነው ያስተማሯት? ክርስቲያን እንዲህ አይጽፍም፤ ይህ የድግምት ጽሕፈት ነው» አለ።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ፣ ደብተራ ሁሉ አስማተኛ ነው የሚል ቀልድ በማኅበር ላይ ከቀለደ ሰው ጋር ዳግመኛ አንድ ጽዋ ያልጠጣ ሰው ነው። አገልግሎቱን የነካበትን አለቃ ሳይቀር በመቅደሱ ደጅ ያዋረደ ሰው ነው። አሁን ይነሳል፣ ይህን የክራቫት ልጅ ልኩን ያሳየዋል ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ የአባቴን ቁጣ የናፈቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ የቆርቆሮውን ጣሪያ ቀና ብሎ አየ። ጭራውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ፤ አንድም ዝንብ አልነበረም። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ እርስዎ አስተማሪ ነዎት፣ ያዩትን ይፍረዱ አለ።

ፈረደ። አራተኛ ክፍል አላስገባትም፤ ከፈለጋችሁ አንደኛ ክፍል ከሕፃናቱ ጋር ትቀመጥና መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚያዝ ትማር አለ። አባቴ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። ለዚያ ወጣት ያን ያህል ዝቅ ሲል ማየት ያሳፍር ነበር።

በሩ ላይ ዘበኛው «ሴንቴ?» ሲል ጠየቀኝ፤ ገባሽ ወይ ነው። ከገበያ ቀን በቀር ኦሮምኛ ከአፉ የማይወጣው አባቴ ቀድሞኝ «ሂን ሴኔ» አለ። አልገባችም።

ዲጋ ተዳርኩ። ስለ ባሌ የምለው የለኝም፤ ክፉ አልነበረም፣ ሽማግሌ ነበር። መጽሐፍን እንደ ሰው ሁሉ አቅንቼ ማንበብ የለመድኩት የመጀመሪያ ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ ከጎኑ ተቀምጬ ነው፤ ብዙም አልፈጀብኝም። ያን ቀላልነት ሳይ አስተማሪውን አዲስ አድርጌ ጠላሁት። ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል ቢያደርግ ኖሮ፣ ወይም ምነው ልጄ፣ እንዴት ነው የተማርሽው ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ብዬ ስንት ዓመት ተብሰለሰልኩ። ዛሬም አልወደውም። ግን አላወቀም፤ ትዕቢተኛና ሰነፍ ነበር እንጂ ያየው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀም። በዚህ የተነሳ የእሱን ነገር በልኩ ነው የምይዘው።

ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል ስንወርድ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ጫማውን ሊያወልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከፊቱ ቆሜ፣ «አባባ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

አላጠፋሽም አለኝ። ጫማውን እያወለቀ፣ ፊቴን ሳያይ፣ ለተማሪዎቹ እንደሚያስረዳው በዝግታ አስረዳኝ። እሱ ዘንድ ያለው ዳዊት አንድ ነው፤ ልጆቹ ከበውት ነው የሚማሩት። በስተማዶ የደረሰው ልጅ ምንጊዜም ገልብጦ ማንበብ ይለምዳል። እሱ ራሱ ጎጃም ሳለ የተማረው እንዲያ ነው። መጽሐፉን አቅንተው ሲሰጡት መጀመሪያ ይጠፋበታል፤ ጥቂት ሰንብቶ ይይዘዋል። ድግምት የለበትም፣ ምንም የለበትም። አስተማሪው መጽሐፉን ከፊቴ አስቀምጦ እኔ ዝም ስል ነው ለአባቴ ነገሩ ሁሉ የገባው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?» አልኩት።

አባቴ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ተነሳ።

«ብነግረውማ ትገቢ ነበር» አለኝ።

ወንዙን ተሻገረ። እኔም ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ተከተልኩት።