የደረሰው

ዲላ ውስጥ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለት ነው፣ መጽሐፍ የሚባል ነገር እንደ ሳሙና ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የሚመጣ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ሳሙናውን ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም፤ እኔም መጽሐፍን ማን እንደሠራው ጠይቄ አላውቅም። ጸሐፊ ሲባል የማውቀው የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማመልከቻ እንኳ በስንት ልመና ነበር የሚጽፈው።

ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ጌዴኦ ውስጥ፣ ዱመርሶ ነው። አፌን የፈታሁት በጌዴኦኛ ሲሆን አማርኛን የተማርኩት ከወረቀት ላይ ነው። ከወረቀት የተማረ ሰው ፊደል አይስትም፤ አፉን ሲከፍት ግን ያስቃል። ወንዱንና ሴቷን እደባልቃለሁ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም እንደመጣልኝ ነበር የማነበው። ይህን ይዤ ሕፃናትን ፊደል አስቆጥር ነበር። የሚገርመው ማንም አልከሰሰኝም።

በትምህርት ቤታችን የላይኞቹን ክፍሎች አማርኛ የሚያስተምሩ፣ ከሸዋ የመጡ ሸምገል ያሉ መምህር ነበሩ። አልጋቸው ሥር ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ልብ ወለዶች አሉ። ዲላ ውስጥ ከዚያ ሣጥን ሌላ ልብ ወለድ የሚገኝበት ቦታ ከነበረ እኔ አልሰማሁም። ከመስከረም እስከ ጥር ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሣጥኑን ከፈቱት፤ ከላይ የነበረውን ጥቁር ደብተር ቶሎ አንስተው ፍራሹ ሥር ወሸቁና አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጡልኝ።

«እጅህን ታጥበህ ነው የምትይዘው። ገጽ አታጥፍም። ከተበላሸ ሣጥኑ ተዘጋ ማለት ነው» አሉኝ።

ያ ሣጥን ከሚዘጋብኝ ምሳዬ ቢቀርብኝ እመርጥ ነበር። በቀን አራት ጊዜ እጄን ስታጠብ ያዩ ሰዎች በሽታ የያዘኝ መስሏቸው ነበር።

መጽሐፉ በሠርጉ ዕለት ስለ ጠፋ ሙሽራ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ገበያተኛውን ሲያስቀርባቸው፣ ለቤት አከራዬ ሱቃቸው ውስጥ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ጨውና ሳሙና የሚሸጡ ጉራጌ ሴት ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም፣ መስደብ ግን ይችላሉ። ያን ሙሽራ ያላሉት ነገር የለም።

አንብበን ስንጨርስ የመጀመሪያውን ገጽ ተመለከትኩ። ከርእሱ ሥር «የደረሰው» ይልና የአንድ ሰው ስም ይከተላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፖስታ ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ደብዳቤ የደረሰው» ተብሎ የሰው ስም ይለጠፍ የለ? ይህም ከእኛ በፊት መጽሐፉ የደረሰው ሰው መሆኑ ነው። ጨዋ ሰው፣ መቀበሉን በስሙ አረጋግጧል። ስሙ በማተሚያ መታተሙንም አይቻለሁ፤ ሀብታም ቢሆን ነው ብዬ አለፍኩት። ከሥሩ፣ በዚያ በምኮራበት እጅ ጽሕፈቴ፣ «ቀጥሎ የደረሰው» ብዬ ስሜን ጻፍኩ።

«ምን እየጻፍክ ነው?» አሉኝ አከራዬ።

«መጽሐፉ እንደደረሰኝ ነው፣ እትዬ።»

«እኔስ አልደረሰኝም? ስንት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቼ የሰማሁት ለማን ነው? ጻፈኝ እንጂ።»

የእሳቸውንም ስም ጨመርኩ።

መጽሐፉን ወደ መምህሩ ይዤ ስሄድ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ መጽሐፏ አለቀ» አልኳቸው።

«አለቀ ነው አለቀች? አንዱን ምረጥ» አሉና ፈገግ ብለው ገለጡት። ፈገግታው እዚያው ቀረ። «ይህ ምንድን ነው?»

የፖስታ ቤቱን ሰሌዳ ነገር አስረዳኋቸው። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ደረሰ» አሉ፣ ረን አላልተው። «ደብዳቤ ደረሰ። ቡና ደረሰ።» ከዚያ ረን እስከሚችሉት አጥብቀው ደገሙት። «ደረሰ። ይህን መጽሐፍ ይህ ሰው ደረሰው። ከልቡ አውጥቶ ጻፈው። ደራሲው ነው። አንተና ባለ ሱቋ ደግሞ ተከትላችሁ ደረሳችሁት። እግዜር ይስጥልን።»

ሣጥኑን ቆለፉት። በሩ ላይ ስደርስ ግን አላስችል አለኝ፤ «በሕይወት አለ?» አልኳቸው።

«ማን?»

«የደረሰው ሰውዬ።» መንጋጋዬ እስኪያመኝ ረን አጠበቅሁት።

«አዲስ አበባ ነው ያለው። ጠዋት ቢሮ ይገባል፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን እንዳንተ ምሳውን ይበላል» አሉና በሩን ዘጉብኝ።

አፍሬ ነበር፤ ግን መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ እፍረቴ አልነበረም። ያንን ሁሉ ነገር ምሳ የሚበላ ሰው ነው ያሰበው።

መምህራኑ እስከ ፋሲካ ድረስ «ደራሲው መጣ» እያሉ ተጫወቱብኝ። አከራዬ ግን ጉዳዩን ስነግራቸው ቅንጣት አላፈሩም። «ታዲያ ሰውዬው የደረሰው ለምንድን ነው? እንዲደርሰን አይደለም?» አሉ። ይህን ይዤ፣ ምናልባት ቢስቁና ሣጥኑ ቢከፈትልኝ ብዬ፣ ለመምህሩ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ጠመኔያቸውን አንስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ የባሰ አበላሸሁት ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስጠሩኝ። ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው።

«እጅህን ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

ከፍራሹ ሥር ጥቁሩን ደብተር አወጡ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጃቸው የተጻፈ ርእስ አለ፤ ከሥሩ በደበዘዘ ቀለም «የደረሰው» ይልና የራሳቸው ስም ይከተላል። ከዚያ በታች፣ ገና በደረቀ ቀለም፣ አሁንም «የደረሰው» ይላል። የስሙ ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ሁለተኛዋ ላልታ ነው የምትነበበው» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ድርሰቷ እስካሁን ለማንም አልደረሰችም።»

ብዕሬን ከኪሴ ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«ካነበብክ በኋላ ነው የምትጽፈው» አሉ። «ለባለ ሱቋም ቦታ ተውላቸው።»