መጨረሻ የለሹ ጉድጓድ

አክስቴ ለተጊዮርጊስ ካልኩ አልኩ ባይ ግትር ነበረች። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ ዳር አንድ ጉድጓድ አለ። ድንጋይ ሲጥሉበት ድምፅ ስለማይሰማ አገሩ ሁሉ «መጨረሻ የለውም» ይል ነበር። ክፉውን ያርቅልን እያለም ያለፈ ያገደመው እፍኝ ሳር ይጥልበት ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የአክስቴ በግ ገባችበት። ጎረቤቱ «በቃ፣ እርምሽን አውጪ» አላት። በሦስተኛው ቀን ግን በዚያ ስታልፍ በጓ ከታች ስትጮህ ሰማች። ነጋዴው አብዱልሀሚድ በቅሎዎቹን አራግፎ እዚያው አጠገብ አርፎ ነበር።

«መጫኛህን ቀጥልና አውርደኝ» አለችው።

«ኧረ በአላህ፣ እትዬ፣ ይቅርብዎት!»

«በጌ እየጠራችኝ?»

እየማለደ አወረዳት። ሁለተኛው መጫኛ ሳያልቅ እግሯ መሬት ነካ። መሬት እንኳ አይባልም፤ አያት ቅድመ አያቶቻችን የጣሉት ሳር እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ለካ የድንጋዩን ድምፅ የሚበላው እሱ ኖሯል! በጓማ የሰሞኑን ሳር እያመነዠከች ሆዷ ተነፍቷል።

ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሳር መጣሉን ተወ። አክስቴ ብቻ ባለፈች ቁጥር ሁለት እፍኝ ትጥላለች።

«እትዬ፣ መጨረሻውን ረግጠሽው የለ እንዴ?» አልኳት።

«ነገ ማን እንደሚወድቅ በምን ታውቃለህ?» አለችኝ።